በጥጋብ ወር የሚጠየቅ ችግር

ለገጠሩ ሕዝብ «የፋይናንስ አገልግሎት ፍላጎት ጥናት» የሚደረገው መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። መንገዱ ደርቋል፣ ወንዙ ይሻገራል፣ መኪናው አይቀበርም። ገበሬውም ሰብሉን ወቅቶ ጎተራ አስገብቷል፤ በዚህ ወቅት የሚያስበው ስለ ሠርግ እንጂ ስለ ብድር አይደለም። እጅ የሚያጥረው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ጎተራው ሲራቆት፣ የእህል ዋጋ ሲንር፣ የማዳበሪያው ዕዳ ትከሻ ላይ ሲቀመጥ። ታዲያ በጥጋብ ወር የተሰበሰበ መልስ የየትኛውን ወር ችግር ይነግረናል? እንግሊዛዊው የልማት ተመራማሪ ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለጥናት ገጠር የሚወርድ ሰው የመንገድ ዳሩን፣ የበጋውን፣ ወንዱንና ሻል ያለውን ብቻ አይቶ እንደሚመለስ ጽፎ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላም ላንድክሩዘሩ የሚወጣው በበጋ ነው።

ጥያቄውስ የሚጠየቀው ማን ፊት ነው? ቡድኑን ቤት ለቤት የሚያዞረው የቀበሌው ሊቀመንበር ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው። መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱን ከፍቶ «ስንት ከብት አለዎት?» ይላል። አባወራው ሊቀመንበሩን በዓይኑ ጠቀስ ያደርገዋል። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ወረዳ ከብትን አብዝቶ መቁጠር ከተረጂዎች ዝርዝር ሊያስወጣ እንደሚችል የማያውቅ ማን አለ? «ሁለት በሬ» ብሎ ያበቃል፤ ለዘመድ ለርቢ የሰጣት ጊደርና ጥጆቿ አይነሱም። ቀጥሎ «ከግለሰብ በወለድ ተበድረው ያውቃሉ?» ይባላል። አራጣ በሕግ ያስቀጣል፤ አበዳሪው ደግሞ ምናልባት እዚያው የቆመው ሊቀመንበር አማች ይሆናል። «ኧረ የለም!» መረጃ ሰብሳቢው «የለም» የምትለውን ነክቶ ያልፋል። ያቺ መልስ አዲስ አበባ ስትደርስ «በአካባቢው የአራጣ ብድር ዝቅተኛ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ሆናለች።

ባለቤቱስ የት ሄደች? ለእንግዶቹ ቡና እያፈላች ነው። ተራዋ ደርሶ ብትጠየቅም ባሏ አጠገቧ ነው። ከእንቁላልና ከቅቤ ቆጥባ የምትጥለውን እቁብ ባሏ ላያውቀው ይችላል፤ እሱ ባለበት ለባዕድ ሰው ትዘረዝረው ዘንድ ይጠበቃል? በጉራጌ ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በየተራ የሚወስዱበት ዊጆስ በመጠይቁ ውስጥ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? «ቁጠባ» የሚለው ሳጥን የሚጠይቀው ባንክንና ብርን ነው። ቦረና ውስጥ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከብት አዋጥቶ እንደገና የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋም ቦታ የለውም።

«ብድር ቢያገኙ ይፈልጋሉ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ጉድ ነው። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ልስጥህ ሲል እምቢ የሚል አለ? ጥናቱን ያስጠናው ብድር ሊሸጥ ያሰበ ተቋም ከሆነማ መልሱ ከመጠይቁ በፊት ተጽፏል። ሰውየው ወለድ መክፈል ሃይማኖቱ የሚከለክለው ይሁን አይሁን የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከተጠየቀ። ባለፈው ዓመት ምን ሸጥክ፣ ማን ታመመብህ፣ የቀብሩን ወጪ ዕድሩ ሸፈነልህ ወይስ ሌላ ሰው አበደረህ የሚለውን ለመጠየቅ ግን ታብሌት እንኳ አያስፈልግም ነበር።

«ጊዜና በጀት የለም» ይሉናል። ጊዜ ሲሰጠው የሚገኘው ምን እንደሆነ ግን ታይቷል። በባንግላዴሽ፣ በህንድና በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ድሃ ቤተሰቦችን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓመት ሙሉ እየተመላለሱ ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 በመጽሐፍ አውጥተዋል። በዓመቱ ውስጥ ከአራት ያነሰ ዓይነት የገንዘብ ዘዴ የተጠቀመ አንድም ቤተሰብ አላገኙም። አንድ ከሰዓት ቡና ተጠጥቶ የሚያልቅ ቃለ መጠይቅ ከእነዚያ ዘዴዎች ስንቱን ያወጣል?

ደግሞስ የተሳሳተ ጥናት ዋጋውን የሚያስከፍለው ማንን ነው? አማካሪው ክፍያውን፣ መረጃ ሰብሳቢው አበሉን ተቀብሏል። በዚያ ጥናት መነሻነት በቡድን ዋስትና የተሰጠው ብድር ሲበላሽ ግን የጎረቤቱን ድርሻ ለመክፈል በግ ወደ ገበያ የሚነዳው ገበሬ ነው። በዚያ ሁሉ መጠይቅ ውስጥ «ለማን ዋስ ልትሆን ትደፍራለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ነበር?