«ጄፔግ አይዋሽም» ለሚሉን

«ሀቀኛ ፎቶ አንሺ በጄፔግ ያነሳል። ሮው ግን ቤት ገብተው ኤዲት እያደረጉ ለሚያጭበረብሩ ነው።» ሰሞኑን አንድ አሠልጣኝ የዱር እንስሳት ፎቶ ለሚጀምሩ ወጣቶች ይህን ሲናገር ሰማሁ። ወጣቶቹም አምነውት ካሜራቸውን እዚያው ጄፔግ ላይ አደረጉ። ሜሞሪ ካርድ ይሞላል፣ ኮምፒውተር ይጨናነቃል ቢል ኖሮ ባልተከራከርኩት፤ ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው የሮው ፋይል ግዙፍ ነው፣ ወጪም አለው። እሱ ግን ነገሩን የሀቅና የውሸት ጉዳይ አደረገው። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጄፔግ ማንም ያልነካው ፎቶ አይደለም! ሹተሩን በተጫንን ቅጽበት ካሜራው ራሱ ኤዲት ማድረግ ይጀምራል፦ ዋይት ባላንሱን ይወስናል፣ ኮንትራስቱን ይጨምራል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ ኖይዙን ያለሰልሳል፣ የላባና የጸጉር ጠርዝ ያጎላል። ከዚያም ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ይጨምቅና አያስፈልግም ያለውን ይጥላል። በ14 ቢት የተቀዳ ሮው ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን ደረጃ መያዝ ይችላል፤ ጄፔግ የሚይዘው 256 ብቻ ነው። ይህ ኤዲት ካልሆነ ምንድን ነው? ውሳኔውን አስቀድሞ የሰጠው የካሜራው ፋብሪካ መሐንዲስ ነው። እሱ ደግሞ እንስሳውን አላየም፤ ቆሞ ያየው ፎቶ አንሺው ነው።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ያለውን ጉሬዛ በእኩለ ቀን ፀሐይ ያነሳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለጥቁሩ ገላው ብርሃን ሲሰጡት ነጩ ጸጉሩ ይቃጠላል፤ ነጩን ሲያድኑ ጥቁሩ ይዳፈናል። ሴንሰሩ የያዘውን ያህል ከሮው ማውጣት ይቻላል። ጄፔግ ግን አንዴ ከጣለው በኋላ የሚወጣ ነገር የለም።

የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የደረቱ ቀይ ቆዳ በጠራራ ፀሐይ ቀዩን ቻናል ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላዋል፤ ካሜራው ቀለሙን ሲያደምቀው ጄፔጉ ላይ የሚቀረው ዝርዝር የሌለው ቀይ ልጥፍ ነው። ተመራማሪዎች የወንዱ ደረት ቅላት በመንጋው ውስጥ ካለው ደረጃ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ስለዚህ የጠፋው ውበት ብቻ አይደለም፤ ስለ እንስሳው የምናውቀው ነገር ነው። ሀቀኛ የተባለው ፎርማት ይህንን ነው የሚያጠፋው!

አሠልጣኙ ሮይተርስን በምስክርነት ጠቅሷል። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለፍሪላንስ ፎቶ አንሺዎቹ ከሮው የተሠራ ፎቶ አትላኩልኝ ማለቱ እውነት ነው። ግን በሮው ማንሳት የፈለገ ያንሳ፣ ጎን ለጎን ጄፔግም ይያዝ ማለቱን ለምን ዘለለው? ደግሞስ የዜና ወኪል ፎቶውን በደቂቃዎች ውስጥ ማሰራጨት አለበት፤ የባሌው ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ያነሳን ሰው ማን አጣደፈው?

ስለ ሀቅ ከተነሳ የፎቶ ውድድር ዳኞች የሚያደርጉትን እንይ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀው የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን፣ በሮው ካነሱ ሮው ፋይላችሁን አምጡ ይላቸዋል። ወርልድ ፕሬስ ፎቶም እ.ኤ.አ. በ2015 ለፍጻሜ ከተቃረቡት ሥራዎች 20 በመቶውን የጣለው የቀረበለትን ፎቶ ከዋናው ፋይል ጋር አስተያይቶ ነው። አጭበርባሪን የሚያጋልጠው ዋናው ፋይል ነው። ሮው የማታለያ መሣሪያ ነው ብሎ ማስተማር ዋናውን ሰነድ ቅደዱና ግልባጩን ይዛችሁ ፍርድ ቤት ቁሙ እንደ ማለት ነው።

በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ 500 አይሞላም። ቀበሮውን ደግመህ ቁምልኝ አይሉት ነገር፤ ያመለጠው ብርሃንም ተመልሶ አይመጣም። ካሜራው ሮውና ጄፔግ አንድ ላይ የሚይዝበት ምርጫ እያለው ጀማሪዎችን ግማሹን እንዲጥሉ ማዘዝ እነሱንም እንስሳውንም መበደል ነው። አሠልጣኙ ወጣቶቹን ዳግም ሰብስቦ ሊያርማቸው ይገባል፦ የሚያጭበረብር ሰው እንጂ ፎርማት የለም፤ ዋናውን ፋይል ያስቀመጠ ፎቶ አንሺ ደግሞ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው።