ጉልበታችን ርካሽ አይደለም! የደመወዝ ወለል ይቆረጥ!

ወገን! አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አሰላ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር በሉ። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ብርድ እያንዘፈዘፈው ወደ ቤቱ የሚገባ አባት ታያላችሁ። ለጽዳት ሥራ የምትሮጥ እህት ታያላችሁ። አካፋውን ተደግፎ የሚቀጥረው ሰው የሚጠብቅ ወንድም ታያላችሁ። እነዚህ ሰነፎች ናቸው? በጭራሽ! እየሠሩ ነው የሚራቡት። ያውም ስንዴና ገብስ በሚታፈስበት በአርሲ ምድር!

«ሕግ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ! በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንቀጽ 55 ላይ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት እየከለሰ እንደሚሄድ ተጽፏል። ዓመታት አለፉ፤ የግል ሠራተኛው ግን ዛሬም ወለል የለውም።

መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለራሱ ሠራተኛ ዝቅተኛውን ደመወዝ 6,000 ብር አድርጓል። ደግ አደረገ። ታዲያ ከዚያ በታች መኖር እንደማይቻል ካመነ፣ የግል ድርጅት ጥበቃ ሆዱ ከድንጋይ ነው የተሠራው? ገበያው እንደሆነ አንድ ነው! በ3,000 ብር የሚቀጠር ሰው ላይ 150 ብር ግብር፣ 210 ብር ጡረታ ይቆረጥና 2,640 ብር ይዞ ይገባል። የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን ይበላል?

«ወለል ከተቆረጠ ባለሀብት ይሸሻል፣ ሥራ አጥ ይበዛል» የሚሉ አሉ። እኔ ራሴ ዲግሪ ይዤ ሥራ የምፈልግ ነኝ፤ ይሄ ስጋት ይገባኛል። ግን በርካሽነት ምን አተረፍን? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጀማሪ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ ሠራተኛው በገፍ ይለቅ ነበር። ሰው ካልበላ አይቆይም፣ ካልቆየ ሙያ አይለምድም። ባንዲራ እያውለበለቡ የአገር ልጅን ጉልበት በቅናሽ ማስተዋወቅ አገር መውደድ አይደለም!

የአርሲ ልጅ ይሄን ታሪክ ያውቀዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካዱ ጭላሎ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ ምርት አደገ። ባለርስቱ ግን ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አባረረ። ምርት ብቻውን ድሃን አያጠግብም። ጭሰኝነት የቀረው «መሬት ላራሹ» ብሎ ወጣቱ ስለጮኸና በ1967 አዋጅ ስለወጣ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦

1. የደመወዝ ቦርዱ ሥራ ይጀምር፤ ወለሉ በየዘርፉ ይቆረጥ፣ የኑሮ ውድነቱን እያየ በየዓመቱ ይከለስ። ለትንንሽ ነጋዴዎች የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጥ።
2. ከግብር ነፃ የሆነው 2,000 ብር ቢያንስ እስከ 6,000 ከፍ ይበል።
3. በኤጀንሲ የሚቀጠር ጥበቃና ጽዳት፣ ድርጅቱ ስለሱ ስንት እንደሚከፍልና ለእጁ ስንት እንደሚደርስ በውሉ ላይ ይጻፍለት።
4. የሥራ ተቆጣጣሪ ቢሮ ቁጭ ብሎ አቤቱታ አይጠብቅ፤ ወርዶ ይይ።

አንተም ደመወዝተኛው መብትህን እወቅ! መደበኛው ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሕዝብ በዓል የሠራህበት ሰዓት ሁለት እጥፍ ይከፈላል። ብቻህን ብትጠይቅ ያባርሩሃል፤ ተደራጅተህ ጠይቅ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ለጥበቃው፣ ለአስተናጋጇ፣ ለቀን ሠራተኛው አድርሱልን። ሼር!