ከስክሪን የጠፋው ታሪክ፣ ከመደርደሪያ ያልጠፋው መጽሐፍ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ኔትፍሊክስ በ2018 መጨረሻ «ባንደርስናች» የተሰኘ ፊልም ለቀቀ። ፊልሙን ለየት ያደረገው ተመልካቹ በየመሃሉ እየመረጠ ታሪኩን ወደ ፈለገው አቅጣጫ መውሰድ መቻሉ ነበር። የፊልሙ ባለታሪክ በ1984 እንግሊዝ ውስጥ የሚኖር ወጣት ፕሮግራመር ነው። አንባቢው እየመረጠ የሚያነበውን አንድ መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ ለመቀየር ሲታገል አእምሮው ይናወጣል። በሜይ 2025 ኩባንያው ፊልሙን ከአገልግሎቱ አነሳው። ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በዚያው በ1980ዎቹ የታተሙት እውነተኛዎቹ መጻሕፍትስ? ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዛቸው ተቀዷል፤ ግን ዛሬም ይከፈታሉ። የይለፍ ቃል አይጠይቁም፣ «አዲስ ስሪት ጫን» አይሉም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚህ ይነሳል። የጨዋታ መጻሕፍት ወደ ስልክና ኮምፒውተር ሲገቡ ምን አገኙ? ምንስ አጡ? ለአንባቢው የሚበጀውስ የትኛው መንገድ ነው?

▪️ ነገሩ ምንድን ነው?

የጨዋታ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተርታ አይነበብም። በቁጥር የተከፋፈሉ አንቀጾች አሉት። «በግራ በኩል ያለውን በር ከከፈትክ ወደ 82 ሂድ፤ መንገድህን ከቀጠልክ ወደ 208 ሂድ» ዓይነት ነው። ባለታሪኩ ራሱ አንባቢው ነው። የተሳሳተ በር የከፈተ ይሞታል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ዘርፉ ሁለት ትልልቅ ምንጮች አሉት። አንዱ አሜሪካዊ ነው። ኤድዋርድ ፓካርድ የተባለ የሕግ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራውን በ1969 ጻፈ፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1976 ነው። ከ1979 ጀምሮ ባንታም የተባለው አሳታሚ «ጀብዱህን ራስህ ምረጥ» በሚል ተከታታይ ርዕስ ለገበያ አቀረበው። ሌላው እንግሊዛዊ ነው። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለውን ኩባንያ በ1975 ከመሠረቱት መካከል የሆኑት ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን በ1982 «የፋየርቶፕ ተራራ ጠንቋይ»ን አሳተሙ። እነርሱ በምርጫው ላይ ዳይስ ጨመሩበት። አንባቢው ችሎታውን፣ ጉልበቱንና ዕድሉን በዳይስ ወስኖ በወረቀት ይመዘግባል፣ ከጭራቅ ጋር ሲዋጋም ዳይስ ይጥላል። የሚያስፈልገው ሁለት ዳይስ፣ እርሳስና ላጲስ ብቻ ነው። ዳይስ ለሌለው ልጅ ደግሞ በአንዳንዶቹ መጻሕፍት ግርጌ የዳይስ ሥዕል ታትሞ ነበር፤ ገጾቹን ፈርፈር አድርጎ የቆመበት ላይ ያየውን ቁጥር ይወስዳል።

ይህ ተራ የልጆች መዝናኛ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። «ፋይቲንግ ፋንታሲ» የተባለው የእንግሊዞቹ ተከታታይ በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ሊቪንግስተን በኋላ በቪዲዮ ጨዋታ ኢንዱስትሪ ውስጥ ትልቅ ሰው ሆነ። በ2011 ከአሌክስ ሆፕ ጋር ያቀረበው ሪፖርት የኮምፒውተር ሳይንስ ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እንዲመለስ ከገፉት ድምፆች አንዱ ነበር። በ2022 «ሰር» የሚል ማዕረግ ተሰጠው።

▪️ ሁለት መንገዶች

ወደ ኮምፒውተር የመውሰዱ ሙከራ ገና ከጠዋቱ ነው የተጀመረው። በ1984 የ«ፋየርቶፕ ተራራ» ስም የያዘ ጨዋታ ዜድኤክስ ስፔክትረም ለተባለው የቤት ኮምፒውተር ወጣ። ስሙ የመጽሐፉ ነበር፤ ጨዋታው ግን በዋሻ ውስጥ መሯሯጥና መተኮስ ነበር። የመጽሐፉ ዓረፍተ ነገሮችም ሆኑ ምርጫዎች እዚያ አልነበሩም። ዛሬም ድረስ ስም ገዝቶ ይዘቱን የመጣል ልማድ አልጠፋም።

ዘመናዊ ስልክ ከመጣ በኋላ ሁለት ከበድ ያሉ መንገዶች ታዩ።

የመጀመሪያው የታማኝነት መንገድ ነው። ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ የሚገኘው ቲን ማን ጌምስ መጻሕፍቱን ጽሑፋቸውን ጠብቆ ወደ ስልክ አመጣ። ዳይሱ በስክሪኑ ላይ ይንከባለላል፣ ጉልበትና ዕድል በራሱ ይመዘገባል፣ ሥዕሎቹም አሉ። ኩባንያው በ2016 «የፋየርቶፕ ተራራ ጠንቋይ»ን በተቀረጹ ትናንሽ ምስሎችና በሰሌዳ ላይ በሚደረግ ውጊያ አስውቦ በአዲስ መልክ አቀረበው። ያም ሆኖ የአብዛኞቹ ሥራዎቹ መርህ «መጽሐፉ ይቅደም» የሚል ነው።

ሁለተኛው እንደገና የመጻፍ መንገድ ነው። ካምብሪጅ ያለው ኢንክል የተባለ ትንሽ ስቱዲዮ የጃክሰንን «ሶርሰሪ!» የተሰኘ ባለ አራት ክፍል ሥራ ከ2013 እስከ 2016 ድረስ በአራት ክፍል አወጣ። ዳይሱን አስወገደ። በምትኩ ተዋጊው ምን ያህል ኃይል አውጥቶ እንደሚመታ ራሱ ይወስናል፤ ብዙ ያወጣ ለሚቀጥለው ምት ይደክማል። ገጽ በገጽ የሚነበበውን ጉዞ አንባቢው በጣቱ ሰውየውን እየጎተተ በሚሄድበት ካርታ ተካው። ጽሑፉን ደግሞ አበዛው። በመጽሐፉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ የሚያልፍ ሽማግሌ በስልኩ ላይ አንባቢው ከሦስት መንደር በፊት የፈጸመውን አስታውሶ የሚናገር ሰው ሆነ።

ከእነዚህ የትኛው ይሻላል? የጥንቱ መጽሐፍ ወዳጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርዱት ለመጀመሪያው ነው፤ «ዳይስ የሌለው ፋይቲንግ ፋንታሲ ፋይቲንግ ፋንታሲ አይደለም» ይላሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው። ዳይስ ፍርሃት ያመጣል። ብልህ የሆነ ሁሉ እንደማያሸንፍ ያስተምራል።

ነገር ግን ዳይሱ በወረቀት ላይ የሚሠራው የሚጥለው የአንባቢው እጅ ስለሆነ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ልብ ይንጠለጠላል፤ ሁለት ሲወጣ የሚወቀሰው ራስ ነው። ስልክ ውስጥ የሚንከባለለው ዳይስ ግን ሥዕል ነው። ቁጥሩን የወሰነው ማሽኑ ነው፤ የተሸነፈ ሰውም «ተጭበረበርኩ» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ዳይሱን እንደነበረ መቅዳት የዳይሱን ትርጉም መጠበቅ ማለት አይደለም። ኢንክል ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል።

▪️ ማሽን የሚያግዝበትና ማሽን የሚያበላሽበት

ስልክ ግልጽ ጥቅም ያመጣበት ቦታ አለ። ዴቭ ሞሪስና ጄሚ ቶምሰን በ1990ዎቹ የጻፉት «ፌብልድ ላንድስ» አሥራ ሁለት መጽሐፍ እንዲሆን ታቅዶ በጊዜው የወጡት ስድስቱ ብቻ ነበሩ። አንባቢው ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው እየተሻገረ በሰፊ ዓለም ይዞራል፤ ያደረገውን ለማስታወስም የሚስጥር ቃላት ይመዘግባል፣ በገጾቹ ላይ ባሉ ሳጥኖች ውስጥ ምልክት ያደርጋል። አሳቡ ከወረቀቱ የሰፋ ነበር። ይህ ሥራ በ2022 በኮምፒውተር ጨዋታነት ሲወጣ ማሽኑ መዝገብ ያዥ ሆነለት። እዚህ ላይ ማሽኑ የቀማው ነገር የለም፤ ሸክም ነው ያቀለለው።

ሌላ ቦታ ላይ ግን ማሽኑ የመጽሐፉን ልብ ይነጥቃል። በ«ፋየርቶፕ ተራራ» መጨረሻ ላይ አንድ ሣጥን አለ። ሣጥኑን ለመክፈት አንባቢው በመንገዱ ላይ ያገኛቸውን ቁልፎች ቁጥር ደምሮ ድምሩ ወደሚያመለክተው አንቀጽ መሄድ አለበት። ትክክለኛውን ቁልፍ ያላገኘ ሰው መንገዱን አያየውም። ይህ የሚያምር ተንኮል ነው፤ መጽሐፉ ራሱ መቆለፊያ ይሆናል። «ሶርሰሪ!» ደግሞ በወረቀት ላይ 48 ድግምቶች ነበሩት፤ እያንዳንዱ በሦስት ፊደል ይጠራል። አንባቢው ከመነሳቱ በፊት እንዲያጠናቸው፣ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ግን ዝርዝሩን እንዳያይ ይታዘዛል። ፈተናው የሚካሄደው በአንባቢው ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ቁልፉን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አፕ ትክክለኛውን በር ራሱ ይከፍታል። ምቾቱ ጥሩ ነው፤ የተገኘው ደስታ ግን አነሰ። ኢንክል ድግምቱን የፈታበት መንገድ ምሳሌ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ፊደላቱን በከዋክብት መካከል በተነ፤ በየቦታው የሚገኙት ፊደላት የተወሰኑ ናቸው፣ ቃሉን የሚሠራው አንባቢው ነው። የማስታወሱ ፈተና ወደ መፈለግ ፈተና ተቀየረ። የመጀመሪያው ጨዋታ ባይሆንም ጨዋታነቱ አልሞተም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣት አለ። እነዚህን መጻሕፍት ያነበበ ልጅ ሁሉ ያደርገው የነበረ አንድ ነገር ቢኖር ከመምረጡ በፊት የነበረበትን ገጽ በጣቱ ይዞ ወደፊት ማጮለቅ ነው። ሞት ካገኘ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ሌላውን በር ይከፍታል። ይህን ማጭበርበር ብሎ መጥራት ይቻላል። ግን በአንባቢና በመጽሐፍ መካከል የነበረ ስምምነት ነው፤ ሕጉን የሚያስከብረውም የሚጥሰውም አንባቢው ራሱ ነበር። ጥሩዎቹ አፖች ይህን ተረድተዋል። ቲን ማን «ነጻ ንባብ» የሚል አማራጭ ሰጠ፣ ኢንክል ወደ ኋላ መመለስን ፈቀደ። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በወረቀቱ ዘመን ነጻነቱ የአንባቢው መብት ነበር፤ በስልኩ ዘመን ኩባንያው ሲፈቅድ የሚሰጥ ነው።

▪️ ዋናው ጉዳይ፦ የማን ነው?

በ2017 አፕል አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ ለአሮጌው 32 ቢት አሠራር የተሠሩ አፖች በአዲሱ ስልክ መሥራታቸውን አቆሙ። አዘጋጁ እንደገና ያልሠራው አፕ፣ ገዢው ገንዘብ የከፈለበት ቢሆንም፣ ሞተ። ማንም መጽሐፍ አልቀደደም፣ ማንም ቤተ መጻሕፍት አላቃጠለም። ስልኩ ታደሰ፣ ታሪኩ ቀረ። የ«ባንደርስናች» መነሳትም የዚሁ ወንድም ነው።

«አዲስ ነገር ሲመጣ አሮጌው ይጠፋል፣ ምን ይደረጋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ኩባንያዎቹም በበኩላቸው እያንዳንዱን አሮጌ አፕ ለማደስ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ፣ የቆየ የጨዋታ መጽሐፍ ገዢው ደግሞ ጥቂት እንደሆነ ይናገራሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየ ሰው አለ።

ጆ ዴቨር የተባለው እንግሊዛዊ በ1984 «ሎን ዎልፍ» የተሰኘ ተከታታይ ጀመረ። በእርሱ መጻሕፍት ውስጥ ዳይስ አያስፈልግም፤ ዓይንን ጨፍኖ የእርሳስ ጫፍ በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። በ1999 ዴቨር መጻሕፍቱ በኢንተርኔት በነጻ እንዲሰራጩ ፈቀደ። ፕሮጀክት ኤኦን በሚል ስም የተሰባሰቡ ፈቃደኛ አንባቢዎች ጽሑፉን እየተየቡ፣ ስሕተቱን እያረሙ፣ በማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት ተራ ገጽ አስቀመጡት። ዴቨር በ2016 አረፈ፤ ተከታታዩን ልጁ ቀጠለበት። ነጻዎቹ ገጾች ዛሬም ይነበባሉ። በ2013 የወጣው ባለ ሦስት ገጽታ የ«ሎን ዎልፍ» ጨዋታም በነጻው ጽሑፍ ምክንያት ሳይሠራ አልቀረም። መስጠቱ ገበያውን አልዘጋበትም።

በተቃራኒው ደግሞ ስም ይዞ የሚሟገተው ወገን አለ። «ጀብዱህን ራስህ ምረጥ» የሚለው ሐረግ ባለቤት የሆነው ቹዝኮ የተባለ ኩባንያ በ«ባንደርስናች» ምክንያት በ2019 ኔትፍሊክስን ከሶ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ በ2020 በስምምነት ተቋጨ። ኩባንያው መብቱን ማስከበሩ አያስወቅሰውም። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ ሁለት ኩባንያዎች በሐረጉ ተካሰሱ፣ ተስማሙ፤ በመጨረሻ ፊልሙን ከአገልግሎቱ ያጣው ተመልካቹ ነው።

▪️ ለአማርኛስ?

አድማጭን ተሳታፊ ማድረግ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በእንቆቅልህ ጨዋታ መልሱን ያጣ ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይነግረዋል። ጠያቂ አለ፣ ምርጫ አለ፣ ሽንፈት አለ፣ ዋጋም አለ። መሣሪያውም ሩቅ አይደለም። ኢንክል ታሪኮቹን የጻፈበትን «ኢንክ» የተባለ መሣሪያ በ2016 ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ከ2009 ጀምሮ ያለው «ትዋይን»ም ነጻ ነው፤ የሚያወጣው ሥራ በተራ ማሰሻ ይከፈታል። ሁለቱም ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ቢሆን አይከለክሉም። የጎደለው ጸሐፊ እንጂ መሣሪያ አይደለም። የሚጽፍ ሰው ሲነሳ ግን ከላይ ያለውን ልብ ይበል፤ ሥራውን በአንድ ኩባንያ አፕ ውስጥ ብቻ የቆለፈ ሰው የሥራውን ዕድሜ ለዚያ ኩባንያ ሰጥቷል።

▪️ ማጠቃለያ

ዳይሱ ይቅር ወይስ ይኑር የሚለው ክርክር ደስ ይላል፤ ዋናው ግን እርሱ አይደለም። ጥሩ ዲጂታል ሥራ መጽሐፉ ለአንባቢው የሰጠውን ሥልጣን በአዲስ መልክ የሚመልስ ነው፤ እንደ «ሶርሰሪ!» ቢጽፈው፣ እንደ «ፌብልድ ላንድስ» ሸክሙን ቢያቀል ያስመሰግነዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ግዴታ ይቀራል። ስዕሉና ድምፁ ከስልኩ ጋር ቢያረጁም፣ ጽሑፉ በማንኛውም ማሽን በሚከፈት ቅርጽ ለገዛው ሰው ሊተርፍ ይገባል። ዴቨር ይህን ያደረገው ማንም ሳያስገድደው ነው። መብቱን የያዙ ኩባንያዎች ቢያንስ ለከፈላቸው ሰው ይህን ማድረግ አያቅታቸውም። «ጀግናው አንተ ነህ» ብሎ የሸጠ ሰው፣ ጀግናውን በሰባተኛው ዓመት ከበር ሊመልሰው አይገባም።