ከጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ያለው አረንጓዴ

ልጆችዎን ይዘው ለዘመድ ጥየቃ አዴት ወይም ቡሬ ሲሄዱ፣ ለቤት መሠረት የሚፈለጠውን ጥቁር ድንጋይ ያሳዩዋቸው። ባዛልት ይባላል፤ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የቀዘቀዘ ቅልጥ አለት ነው። አንዳንዱ ሲፈለጥ የጠርሙስ ስባሪ የመሰለ አረንጓዴ ፍሬ ይታይበታል። ይህ ኦሊቪን ነው፤ ማግኒዚየም፣ ብረት፣ ሲሊከንና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ማዕድን። እንጅባራ አካባቢ እንዲያውም ቅልጥ አለቱ ከምድር ጥልቀት ይዞት የወጣ፣ ኦሊቪን የበዛበት ቁራጭ ድንጋይ ይገኛል።

ኦሊቪን ጠርቶና ጎላ ብሎ ሲገኝ ፔሪዶት የሚባለው የጌጥ ድንጋይ ይሆናል። ልጅዎ ያገኘው ፍሬ ግን ብዙውን ጊዜ ደቃቅና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ለቀለበት አይበቃም። ፔሪዶት ሲገዙ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት፤ የጀርባው ጠርዞች ድርብ ሆነው ይታያሉ። ክብ የአየር አረፋ ካዩበት መስታወት እንዳይሆን ይጠራጠሩ። ሎሚ ሲጨምቁም ያውልቁት፤ አሲድ ይጎዳዋል።

የፔሪዶት አረንጓዴነት የሚመጣው ከብረቱ ነው። ማግኒዚየሙ ደግሞ ድንጋዩ በዝናብና በዘመን ብዛት ሲበሰብስ ወደ አፈሩ ይገባል፤ ጤፉም በሥሩ ይስበዋል። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ያለ ማግኒዚየም አይሠራም። የአዴት ገበሬ ከጥቁሩ ድንጋይ የሚያገኘው ሀብት ይኸው ነው።