ጥሩምባው አሁን ይነፋ

የጫጫ ሰዎች፣ እድራችን ጥሩምባ የሚያስነፋው ሰው ሲሞት ነው። ያን ድምፅ ስንሰማ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ እንጀራውና ንፍሮው ከየቤቱ ይጎርፋል፤ አልተመቸኝም የሚል የለም። ዛሬ የምለምናችሁ ያንኑ ጥሩምባ ልጁ በሕይወት እያለ እንድናስነፋው ነው።

ከጎረቤቶቻችን በአንዱ ቤት፣ በ15 ዓመት ልጅ ላይ የአጥንት ካንሰር ተገኝቷል። አጀማመሩ እንደ ብዙዎቹ ነው። ጉልበቱን አመመው፤ ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው ተባለ፤ ወጌሻ አሸው። ሕመሙ ግን ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰው ጀመር፣ እብጠቱም አልጎድል አለ። ይህ በሽታ የሚበረታው አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ በብዛት የሚወጣውም ጉልበት አካባቢ ነው። ወላጆች ልብ በሉ፦ ሳምንታት ያለፈው፣ ሌሊት የሚብስ የአጥንት ሕመም ከእብጠት ጋር ካያችሁ አታሳሹት፣ ራጅ አስነሱት። እናትና አባቱ ግን ጥፋተኞች አይደሉም። ማናችንም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር።

ሕክምናው ረጅም ነው። መጀመሪያ ለሁለት ሦስት ወር ኬሞቴራፒ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ እንደገና ለወራት ኬሞቴራፒ። እግሩ ሊተርፍ ይችላል፤ ሊቆረጥም ይችላል። ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤት የሚመለሱ ወላጆች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን ይህን ስሙ፦ ኬሞቴራፒ ባልነበረበት ዘመን እግር ተቆርጦም የሚድነው ከአምስት አንድ ያህል ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ በተሟላበት አገር፣ በሽታው ሳይሰራጭ ተደርሶበት ሕክምናውን ከጨረሱት ልጆች ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ ይድናሉ። የእኛ ድርሻ «ከጨረሱት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሕክምና የሚያቋርጠው የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ሲያልቅበት ነውና።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን ወላጆች አሉ። ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው አምሳለ በየነ የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጡ። በ1996 ዓ.ም በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ፤ ከሩቅ ለሕክምና የሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ የሚያርፉበት ቤትም ተዘጋጀ። ልጅ የቀበሩ ሁለት ሰዎች ለሰው ልጅ ይህን አደረጉ። እኛ ልጁ አጠገባችን ነው።

የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጉዳይ አንሡት። ለቀብር ከሚቀመጠው ገንዘብ ላይ ለአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ምልልስ ቁረጡ፤ መንገዱ መሄጃው ብቻ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወጣቶች፣ ኬሞ ደም ያሳንሳልና ደም ለመስጠት ተዘጋጁ። የአባቱ ገብስ በደቦ ይታጨድ። መምህራን፣ ደብተሩን ላኩለት፤ ትምህርቱ የሚጠብቀው መሆኑን ይወቅ።

ጠያቂዎችም አንድ ነገር አደራ። መድኃኒቱ የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም ጉንፋን የያዘው ሰው ይቅር። ጥሬ ወተትና እርጎ አትውሰዱለት። የጫጫ ሰው ያለ እርጎ መጠየቅ እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ወተቱን በደንብ አፍልታችሁ ውሰዱ። አልጋው ሥር አታልቅሱ፣ ራስጌው ቆማችሁም አታንሾካሹኩ። ሁሉንም ይሰማል። ስለ ኳስ አውሩት፣ እሱ ስለ በሽታው ከጠየቃችሁም እውነቱን መልሱለት።

እናቱ ሰኞ ሌሊት ከልጇ ጋር ትሳፈራለች። ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሏት፤ ታናሽየዋ ልጅ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ማለዳና ማታ እኔ አልባለሁ። ሁለተኛውን ማን ይዟል?