ልጁም ይዳን፣ ሰነዱም ይትረፍ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1975 ከሰዓት በኋላ አንድ ግዙፍ የአሜሪካ ወታደራዊ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ከደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ከሳይጎን ታን ሶን ኑት አየር ማረፊያ ተነሣ። ሲ-5 ጋላክሲ ይባላል። የተሳፈሩት ከ300 በላይ ሰዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ከተነሣ 12 ደቂቃ ያህል እንደሆነው የኋላው የጭነት በር ተገንጥሎ ወደቀ። አብራሪዎቹ ወደ ሳይጎን ሊመልሱት ሲታገሉ ማረፊያው ሳይደርስ ሩዝ ማሳ ላይ ተከሰከሰ። 138 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 78ቱ ሕፃናት ናቸው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገሩ ወረቀቶችም አብረው ጠፉ።

በማግስቱ ከአደጋው የተረፉ ልጆች ጭምር በሌላ አውሮፕላን ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ራሳቸው አየር ማረፊያ ሄደው ሕፃን ታቅፈው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከሁለት ቀን በፊት ወደ 2000 የሚጠጉ «ወላጅ አልባ» ልጆችን ለማውጣት 2 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን ያስታወቁት እሳቸው ነበሩ። ኤፕሪል 30 ሳይጎን በሰሜን ቬትናም ኮሚኒስቶች እጅ እስክትወድቅ ድረስ ኦፕሬሽን ቤቢሊፍት በተባለው በዚህ ዘመቻ ከ2500 በላይ ልጆች ከደቡብ ቬትናም ወጡ። የሚበዙት አሜሪካ ቀሩ፤ ሌሎቹ ካናዳ፣ አውስትራሊያና አውሮፓ ደረሱ።

ስለ እነዚህ ልጆች የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወገን በአንዱ ይቆማል። አንዱ የተቀደሰ ሥራ ነበር ይላል፤ ሌላው ልጅ መንጠቅ ነበር ይላል። እኔ ሁለቱም አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለኛል። ልጅን ከጦርነት ማውጣት አንድ ሥራ ነው፤ ወላጅ የለውም ብሎ መዝግቦ ለዘለቄታው ለሌላ ቤተሰብ መስጠት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ መሠራት ነበረበት። ሁለተኛው ዓመታት መጠበቅ ይችል ነበር፤ ሁለቱን በአንድ አውሮፕላን ላይ መጫን ማንም አላስገደደም።

በሳይጎንና በአካባቢዋ የነበሩት የሕፃናት ማሳደጊያዎች የሙት ልጆች ብቻ ቤት አልነበሩም። ባሏ በጦርነት የሞተባት ሴት፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ የገባች እናት፣ ከቀዬዋ የተፈናቀለች ድሃ ልጇን ማሳደጊያ ታስቀምጥና ኑሮ ሲቃናላት ልትወስደው ታስብ ነበር። ልጅን አክስት ወይም አያት ጋ ማሳደግ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማስቀመጥ መተው አይደለም። በዚያ ላይ በ1975 መጀመሪያ ወራት ከአሜሪካ ወታደር የተወለዱ ልጆችን ኮሚኒስቶቹ ይገድሏቸዋል የሚል ወሬ በየሠፈሩ ይነዛ ነበር። እናቶቹ በፍርሃት ልጆቻቸውን አስረከቡ። አንዳንዶቹ የፈረሙበትን ወረቀት ማንበብ አይችሉም ነበር።

ጭነቱን በቅርብ እንየው። ጨቅላዎቹ በካርቶን ሣጥን እየተደረጉ የአውሮፕላን ወንበርና ወለል ላይ ተደረደሩ። እጃቸው ላይ ስም የተጻፈበት አምባር ታሰረ። ስሙ ግን እናት ያወጣችው ላይሆን ይችላል፤ ነርሶች ለመጥሪያ ያህል ያወጡላቸው ብዙ ነበሩ። አንዱ ልጅ በሌላው ወረቀት የተጓዘበት አጋጣሚም አለ። ነርሶቹን አልወቅስም። ከተማዋ ልትወድቅ የቀናት ዕድሜ ሲቀራት በአንድ ክንዳቸው ሁለት ሕፃን ይዘው የሮጡ፣ ከፊሎቹም በጋላክሲው ላይ የሞቱ ሴቶች ናቸው። ወቀሳዬ ያን ትርምስ አሜሪካ ከደረሱ በኋላ፣ ጊዜም ጸጥታም ባለበት አገር፣ እንደ ሕጋዊ ማስረጃ ለተቀበሉት ነው።

ምክንያቱም እውነቱ ወዲያው ተሰምቷል። በሳን ፍራንሲስኮ ፕሬሲዲዮ የጦር ሠፈር ልጆቹን ለመንከባከብ በፈቃደኝነት ከመጡት መካከል አንዲት የቬትናም ተወላጅ ነርስ ነበረች። በቋንቋቸው ስታናግራቸው አንዳንዶቹ ወላጅ እንዳላቸው፣ ወደ ቤታቸው መመለስ እንደሚፈልጉ ነገሯት። ኤፕሪል 29፣ ሳይጎን ከመውደቋ በፊት በነበረው ቀን፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ተመሠረተ፤ በእርግጥ ወላጅ አልባ ያልሆኑት ተለይተው ቤተሰባቸው ይፈለግ የሚል ነበር። ዳኛው በ1976 ጉዳዩ የሁሉም ልጆች የጋራ ክስ ሆኖ እንዳይታይ ወሰኑ፤ መዝገቦቹም ታሸጉ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ማሸግ ነው። ለዛሬ የማይጠቅም ሰነድ ለነገ ይጠቅማል፤ የሦስት ዓመት ሕፃን አድጎ የሠላሳ ዓመት ሰው ሆኖ ይጠይቃል።

መጠበቅ ይቻል እንደነበር የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊንላንድ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ልጆቿን ወደ ስዊድን ላከች። ስዊድናውያን ቤተሰቦች ተቀብለው አሳደጓቸው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ አብዛኞቹ ወደ ወላጆቻቸው ተመለሱ። መለያየቱ ቀላል አልነበረም፣ ቋንቋቸውን ረስተው የተመለሱም ነበሩ። ነገር ግን ማንነታቸው ተመዝግቦ ስለነበር የሚመለሱበት ቤት ይታወቅ ነበር። ለቬትናም ልጆች የመመለሻው በር በወረቀት ተዘጋ። አንዲት እናት ግን ራሷ ከቬትናም አምልጣ አሜሪካ ገብታ ልጇን አዮዋ ውስጥ በአሳዳጊዎች ቤት አገኘችው፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ልጁ ለእሷ እንዲመለስ ፈረደ። ይህች ሴት ያሸነፈችው ራሷ ፈልጋ ስለደረሰችበት ነው። ሳይጎን የቀሩት እናቶች ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

የመለያየቱ ዋጋ ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚመስል «ዶተር ፍሮም ዳናንግ» የተባለው የ2002 ጥናታዊ ፊልም ያሳያል። ሰባት ዓመት ሲሆናት ከቬትናሟ ዳናንግ ከተማ የተላከች፣ አባቷ አሜሪካዊ የሆነች ልጅ፣ ቴነሲ ውስጥ ፑላስኪ በምትባል ትንሽ ከተማ አደገች። አሳዳጊዋ የት እንደተወለደች ለሰው እንዳትናገር አስጠንቅቃት ነበር። በ1997 ወላጅ እናቷን ልታገኝ ተመለሰች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንባና መተቃቀፍ ነበሩ። ወደ መጨረሻው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወንድሟ ጉዳዩን አነሣ፦ እናታችንን አሜሪካ ውሰጂያት፣ ካልሆነም በየወሩ እርጃት። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች፤ ፍቅር ፍለጋ መጥታ ገንዘብ የተጠየቀች መሰላት።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን የወንድምየውን ንግግር ሲሰማ ያውቀዋል። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው፤ ውጭ የወጣ ልጅ ለቤት መላኩ ደግሞ የልጅነቱ መታወቂያ ነው። ወንድምየው እየለመናት አልነበረም፤ «ከእኛ ወገን ነሽ» ማለቱ ነበር። እሷም አልበደለችም። ያ ሥርዓት ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ተቆርጦባት፣ ትውልዷን እንደ ነውር እንድትደብቅ ተደርጋ አድጋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤና ፎቶግራፍ ሲመላለስ ኖሮ ቢሆን ያ ንግግር እንዲህ ባላቆሰላት ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ላይ የሚነሣውን መልስ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ በፍቅር አደጉ፣ ተማሩ፣ ቤተሰብ መሠረቱ። እውነት ነው፤ አሳዳጊዎቻቸውን አባቴ፣ እናቴ ሲሉም ከልባቸው ነው። ይህን የሚክድ ሰው ልጆቹንም ይበድላል። ነገር ግን ፍቅር መዝገብ ለመዝጋት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ዘመቻው ደግሞ በፍቅር ብቻ የተነሣ አልነበረም። የደቡብ ቬትናም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ፋን ኳንግ ዳን የልጆቹ መውጣት የአሜሪካን ሕዝብ ስሜት ወደ ደቡብ ቬትናም ሊመልስ እንደሚችል በዚያው ሳምንት በደብዳቤ ጽፈዋል። ሕፃን ለፖለቲካ ምስክርነት ሲፈለግ ወላጅ አልባ መሆኑ ይመረጣል፤ እናት ያለው ልጅ ጥያቄ ያስነሣል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ብቻ በዓመት ከ2000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ይሄዱ ነበር፤ ስፔን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የሄዱትም ጥቂት አይደሉም። ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ይጽፍልኛል ብለው የፈረሙ ወላጆች በየገጠሩ አሉ። ፓርላማው በጃንዋሪ 2018 የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋ። መዝጋቱ ገና ያልሄዱትን ይመለከታል፤ የሄዱትን አይመልስም። እነሱ አሁን ወጣቶች ሆነዋል፣ አዲስ አበባ እየመጡም ነው፤ በእጃቸው የያዙት ብዙውን ጊዜ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የአንድ ቀበሌ ስምና የደበዘዘ ፎቶግራፍ ነው።

ስለዚህ የተዘጉ ማሳደጊያዎች ፋይል በየመጋዘኑ ያላችሁ፣ በፍርድ ቤትና በሴቶችና ሕፃናት ቢሮ መዝገብ የምትጠብቁ ሁሉ፦ እባካችሁ አትጣሉት፣ ለሚጠይቀው ልጅም አትከልክሉት። ልጅ የሰጣችሁ ወላጆችም ብትሆኑ የልጁን የቀድሞ ስም፣ የተወለደበትን መንደርና የወሰደውን ድርጅት ዛሬውኑ ለሚጽፍ ሰው ነግራችሁ አስጽፉ።