ለሰው ብሎ የተፈረመ ቼክ

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ንግዷ በመተማመን የቆመ ነው። ባለሱቅ ከደሴ ወይም ከወልድያ አከፋፋይ ዱቤ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ "ዋስህ ማን ነው?" የሚል ነው። ድሮ ዋስ የሚቆመው በሽማግሌ ፊት፣ በቃሉ ነበር። ዛሬ ግን በየከተማው ዋሱ ይዞ የሚመጣው ቼክ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው እንበል። አንድ ወጣት ባለሱቅ የ300 ሺህ ብር ዘይትና ስኳር በዱቤ ይወስዳል። የባንክ ሒሳብ ያላቸው አጎቱ ገንዘቡን ሞልተው ቀኑን ክፍት በመተው ቼክ ይፈርማሉ። ለአከፋፋዩም "አደራ፣ መያዣ ትሁንህ እንጂ ባንክ አትውሰዳት" ይሉታል። ከአራት ወር በኋላ ገበያው ይበላሻል፣ ልጁም መክፈል ያቅተዋል። አከፋፋዩ ቀን ሞልቶ ባንክ ይሄዳል። በሒሳቡ ያን ያህል ገንዘብ የለም። የዘይቱን ጀሪካን በዓይናቸው ያላዩት ሰው በአንድ ጊዜ ባለዕዳም ተጠርጣሪም ሆኑ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ሰው አከፋፋዩን "ከሃዲ" ይላል። ትልቁ ስህተት ግን የተሠራው ቼኩ የተፈረመ ቀን ነው። ቼክ የመክፈያ ወረቀት እንጂ የዋስትና ወረቀት አይደለም። በንግድ ሕጉ መሠረት ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ነው፤ ይህን የሚቃረን ቃል ቢጻፍበት እንኳ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ወደፊት የሚመጣ ቀን ቢሰፍርበትም ቀድሞ ከቀረበ በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በአፍ የተባለው "አደራ" ባንክ መስኮት ላይ ዋጋ የለውም። ከዚህ በላይ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 አለ። እያወቀ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ያወጣ ሰው እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስበት ይችላል። በዘመድ ፍቅር የተጀመረ ነገር መጨረሻው ፖሊስ ጣቢያ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የሚያሳዝነው ሕጉ ለዚህ ዓይነት ዋስ የተለየ በር ከከፈተ ከ60 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ስለ ሐዋላ ወረቀት፣ ስለ ተስፋ ሰነድና ስለ ቼክ ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ይህ መጽሐፍ አልተሻረም። በውስጡ የሕግ ሰዎች "አቫል" የሚሉት ዋስትና አለ። ባለዕዳው "በዚህ ቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ" ብሎ የተስፋ ሰነድ ይፈርማል። ዋሱም እዚያው ወረቀት ላይ "ለእገሌ፣ እስከ ይህን ያህል ብር ዋስ ሆኛለሁ" ብሎ ይፈርማል። ባለዕዳው ማን እንደሆነ፣ ዋሱም ማን እንደሆነ ከወረቀቱ ይነበባል። ዋስትናው ለዕዳው በሙሉ ወይም ለከፊሉ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን አቫል ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚታወቀው ተራ ዋስ ብዙ መከላከያ አለው። አንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይወሰድና የገንዘቡ ጣሪያ ካልተጠቀሰ እንደማይጸና ይናገራል። ተራው ዋስ "መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ፈልግ" ሊልም ይችላል። ዋናው ዕዳ ፈራሽ ከሆነ ዋስትናውም አብሮ ይወድቃል። በአቫል ይህ ሁሉ የለም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ባለዕዳውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። የባለዕዳው ግዴታ በሌላ ምክንያት ቢፈርስ እንኳ፣ የወረቀቱ ፎርም ጉድለት ከሌለበት በቀር ዋሱ አያመልጥም። በሰነዱ ፊት ለፊት የሰፈረ ባዶ ፊርማም፣ የሰነዱ አውጪ ወይም እንዲከፍል የታዘዘው ሰው ካልሆነ፣ እንደ ዋስትና ይቆጠራል። የከፈለ ዋስ በአንጻሩ ባለዕዳውን መልሶ የመጠየቅ መብት አለው።

"የቼክ ፍርሃት ከሌለ ማን ይከፍላል?" የሚል አበዳሪ ይኖራል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በውርጌሳ ዙሪያ ካለፈ ወዲህ ሱቁን ከባዶ የጀመረ ሰው ገንዘቡን በዋዛ አይበትንም። ነገር ግን በአቫል አበዳሪው የሚያጣው ነገር ቢኖር የእሥር ማስፈራሪያውን ብቻ ነው። ሁለት ሰው በቀጥታ መጠየቅ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም ከአንቀጽ 284 ጀምሮ በቼክ፣ በሐዋላ ወረቀትና በተስፋ ሰነድ ለሚቀርብ የገንዘብ ክስ አጠር ያለ ሥርዓት አለው፤ ተከሳሹ ለመከላከል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሰው ሲታሰር ደግሞ ሱቁ ይዘጋል፤ የተዘጋ ሱቅ ዕዳ አይከፍልም።

ወረቀት ከሰው ሐሳብ የተለየ የራሱ ጉልበት እንዳለው ለማወቅ የውርጌሳ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ጎረቤቷ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 ጠብ ይታወቃል፤ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል አልተገናኘም። ብዙም የማይነሣው ተከትሎ የመጣው ብድር ነው። ኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኮንን በ1882 ዓ.ም. መስከረም ኔፕልስ ላይ በፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት፣ ኢትዮጵያ ከጣልያን ባንክ ለምትወስደው 4 ሚሊዮን ሊሬ የጣልያን መንግሥት ዋስ ሆነ። የሐረር ጉምሩክ ገቢም መያዣ ተደረገ። ዋሱ የቆመው ለጽድቅ አልነበረም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሲያፈርሱ ብድሩንም ከፈሉ፤ በጠላት ዋስትና ሥር መቆየት ምን እንደሚያስከትል ገብቷቸው ነበር።

የዛሬው ጉዳይ በዚህ ልክ ትልቅ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። የንግድ ጽሕፈት ቤቶችና ባንኮች የዋስ መስመር ያለው፣ በአማርኛ የታተመ የተስፋ ሰነድ ቅጽ ቢያዘጋጁ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። እስከዚያው ግን ለወንድም፣ ለአጎት ልጅ፣ ለጎረቤት መቆም የሚፈልግ ሰው ለማን፣ እስከ ስንት ብርና እስከ መቼ ዋስ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ያጽፍ። ቀኑ ክፍት የሆነ ቼክ ግን አይስጥ። ቢከፍልም ሆነ ቢከሰስ፣ በስሙ የተጻፈው ዕዳ የራሱ ነው።